ጂም ለምን ወደ ደቡብ ሄደ? የአሜሪካን የወንዝ ጀብዱ መጻሕፍት ከልጅ ጋር ማንበብ

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለ አንድ ማታ መጽሐፉን ከፍቶ እንደያዘ ወጥ ቤት ገባና «እማ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ከባርነት እያመለጠ ነው። ነፃነት ያለው ሰሜን ነው አላልሽኝም? ታዲያ ለምን ወደ ደቡብ ይሄዳል?» አለኝ። የያዘው የማርክ ትዌይንን የሀክልቤሪ ፊን ታሪክ ነበር። ጥያቄው ትክክል ነው። ጂም የሚባለው ሰው እመቤቱ በ800 ዶላር ወደ ኒው ኦርሊንስ ልትሸጠው እንዳሰበች ሰምቶ ይጠፋል። ከዚያ ግን ሀክ ከተባለው ልጅ ጋር ተንሳፋፊ ሳንቃ ላይ ወጥቶ፣ በየሌሊቱ ወደዚያው ወደ ኒው ኦርሊንስ አቅጣጫ ይወርዳል። መልሱን እኔም አላውቀውም ነበር። ልጁ ከተኛ በኋላ የአሜሪካን ካርታ ዘርግቼ ወንዞቹን በጣቴ ስከተል ነው የገባኝ።

እዚህ አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር መገናኘቱ አይቀርም። ልጆቹ ትንሽ ሳሉ ቤተሰብ በሸራ በተከደነ ጋሪ ወንዝ ሲሻገር ያነባሉ፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ አሳሾች ሚዙሪን ሽቅብ ሲቀዝፉ፤ ከዚያ ሀክ ይመጣል። መጻሕፍቱ የተጻፉት የአገሪቱን ታሪክ ከአያት ከቅድመ አያቱ እየሰማ ላደገ ልጅ ነው። የኛ ልጆች ያንን ከኛ አይሰሙም፤ እኛ የምንነግራቸው የዓድዋን ነው፣ የአያቶቻቸውን አገር ነው። ስለዚህ ጀብዱው ይገባቸዋል፤ ከጀብዱው ሥር ያለው ግን ያመልጣቸዋል። ያንን የሥሩን ነገር ነው እዚህ ላብራራ የምፈልገው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ወንዙ። እኛ ወንዝን የምናውቀው በሚለያየን ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ሞላ ይባልና መንገደኛው እስኪጎድል ዳር ላይ ይቀመጣል። አባይ ራሱ ጎጃምን ከሸዋና ከወሎ ለይቶ በገደል ውስጥ ይነጉዳል እንጂ ሰው ጭኖ አይወስድም። «የወንዜ ልጅ» የምንለውም የአገራችንን፣ የቀያችንን ሰው ነው። በጋምቤላ በኩል በባሮ ላይ የእንፋሎት መርከብ ከሱዳን ይመላለስ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል፤ ለአብዛኞቻችን ግን እሱም የሩቅ ወሬ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ነገሩ ሌላ ነው። ባቡር ከመምጣቱ በፊት ወንዙ ራሱ መንገድ ነበር። ኦሃዮ ወንዝ ከፒትስበርግ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 1,580 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና፣ ካይሮ በምትባል የኢሊኖይ ከተማ አጠገብ ሚሲሲፒ ውስጥ ይገባል። ሚዙሪ ከሮኪ ተራሮች ወርዶ ከሴንት ሉዊስ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀላቀላል። ሚሲሲፒ ደግሞ ከሰሜን ሚኒሶታ ጀምሮ 3,770 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሁሉንም ሰብስቦ ኒው ኦርሊንስን አልፎ ባሕር ይገባል። አንድ የኢንዲያና ገበሬ በቆሎውንና የአሳማ ሥጋውን ለገበያ የሚያወጣው በዚህ መንገድ ነበር።

መንገዱ ግን ቁልቁል ብቻ የሚያስኬድ ነው። ገበሬዎቹ ትልቅ ሳጥን የመሰለ ጠፍጣፋ ጀልባ ከሳንቃ ይሠራሉ። እህሉን ጭነው ውኃው እየገፋ ኒው ኦርሊንስ ያደርሳቸዋል። እዚያ ጭነቱን ይሸጡና ጀልባውንም አፍርሰው ሳንቃውን ይሸጡታል። ወደ ቤት መመለሻው እግር ነው፤ ናቼዝ ትሬስ የሚባለው ረጅም የጫካ መንገድ የእነዚህ ባዶ እጃቸውን ሳይሆን ገንዘብ ይዘው የሚመለሱ ሰዎች መንገድ ነበር፤ ሽፍታም የሚጠብቃቸው እዚያ ነው።

አብርሃም ሊንከን ይህን ሥራ ሠርቶታል። በ1828፣ በ19 ዓመቱ፣ ከኢንዲያና ተነሥቶ በእንዲህ ያለ ጀልባ ኒው ኦርሊንስ ወርዷል። መንገድ ላይ ሰባት ሰዎች በሌሊት ሊዘርፏቸው መጥተው ከባልደረባው ጋር ተከላክለው አመለጡ። በ1831 ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርድ ጀልባቸው ኒው ሴለም በምትባል የኢሊኖይ መንደር የወፍጮ ግድብ ላይ ተሰክታ ቀረች። ሊንከን ጭነቱን አራግፎ ከፊት በኩል ቀዳዳ በሳና፣ የገባውን ውኃ አፍስሶ አስለቀቃት። ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም መሰለኝ፤ በ1849 ውኃው ሲሳሳ መሬት የነካን ጀልባ የሚያነሣ መሣሪያ ፈልስፎ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቷል። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል ይህ መብት ያለው እሱ ብቻ ነው። ልጆች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ንገሯቸው።

ሽቅብ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጀልባውን በገመድ እየጎተተ፣ በረጅም እንጨት እየገፋ ከኒው ኦርሊንስ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ያለችው ሉዊቪል ለመድረስ ሦስት አራት ወር ይፈጅበት ነበር። ይህን የለወጠው እንፋሎት ነው። በ1811 መገባደጃ ላይ የመጀመሪያዋ የእንፋሎት መርከብ ከፒትስበርግ ተነሥታ ወረደች። የመርከቧ ሠሪ ኒኮላስ ሩዝቬልት ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሊድያን ይዞ ነበር የተነሣው፤ እሷም ጉዞው ሳያልቅ ሉዊቪል ላይ ወለደች። በዲሴምበር ትልቁ የኒው ማድሪድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲነሣ ሕፃኑን ይዘው ወንዝ ላይ ነበሩ። የወንዙ ዳርቻ እየተናደ ከነዛፉ ውኃ ውስጥ ሲገባ እያዩ አለፉ፤ በጃንዋሪ 1812 ኒው ኦርሊንስ ደረሱ። በ1850ዎቹ ያ የወራት የሽቅብ ጉዞ ከአንድ ሳምንት በታች ሆነ።

እንግዲህ ወደ ልጄ ጥያቄ። ሀክና ጂም የሚነሡት ከሚዙሪ ነው። ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደበት ግዛት ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ኢሊኖይ ደግሞ ባርነትን የከለከለ። ታዲያ አንድ ሌሊት ቀዝፈው ለምን አይሻገሩም? ኢሊኖይ ውስጥም ነፃ ለመሆኑ ወረቀት የሌለው ጥቁር ሰው ሊያዝ ይችል ነበር፤ ያመለጠ ሰው ለሚይዝ ሽልማት ስላለ አዳኙም ብዙ ነው። ስለዚህ ዕቅዳቸው እስከ ካይሮ መውረድ፣ እዚያ ተንሳፋፊዋን ሸጠው በእንፋሎት መርከብ ኦሃዮን ሽቅብ ይዘው ከሚዙሪ ርቀው ነፃ ግዛቶች ውስጥ መግባት ነው። ወደ ደቡብ የሚወርዱት ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚታጠፈውን መንገድ ፍለጋ ነው።

መታጠፊያው ግን ያልፋቸዋል። አንድ ሌሊት ጭጋግ ይወርድና ሁለቱ ይጠፋፋሉ፤ ሲገናኙ የት እንዳሉ አያውቁም። የሚነግራቸው ውኃው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሲያዩ በዳር በኩል የኦሃዮ ንጹሕ ውኃ፣ ከሱ ወዲያ የሚሲሲፒ ደፍራሽ ጎን ለጎን ይፈሳሉ። ሁለቱ ውኃ አብሮ ከታየ ካይሮ ከኋላ ቀርታለች ማለት ነው። ተንሳፋፊዋ ሽቅብ አትሄድም፤ በያዟት ታንኳ እንመለስ ሲሉ ታንኳዋ የለችም። ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ለጂም በየቀኑ ወደ ባሰ አገር መግባት ነው። በማግስቱ ይህን ካርታው ላይ ሳሳየው ልጄ ጣቱን ካይሮ ላይ አድርጎ ቆየና «አለፉት?» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ሚሲሲፒም ሲሞላ ከላይ አገር የተቆረጠ ግንድና ሳንቃ ይዞ ይወርዳል፤ ሀክና ጂም ተንሳፋፊዋን የሚያገኟት ከዚያ ነው። ወርዷ 3.6 ሜትር፣ ርዝመቷ ከአምስት ሜትር ትንሽ ያነሰ፣ ወለሏ ከውኃው ከ15 ሴንቲ ሜትር ትንሽ በለጥ ብሎ ከፍ ያለ። ጂም ከላይዋ ሳንቃ ይነቅልና ፀሐይና ዝናብ የሚከልል ጎጆ ይቀልስባታል። የጎጆውን ወለል ከፍ ያደርገዋል፤ የእንፋሎት መርከብ ሲያልፍ የሚያነሣው ሞገድ ልብሱን እንዳያረጥብ። መካከሉ ላይ አፈር ደልድሎ እሳት የሚነድበት ምድጃ ይሠራል። ይህን ቦታ ለልጅ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ጂም ማን እንደሆነ የሚታየው እዚህ ነው፤ ቤት መሥራት የሚያውቅ፣ የራሱ ቤት እንዳይኖረው የተከለከለ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው።

እንግሊዝኛ ውስጥ አንድ ሰው ሲከዳ «ወንዙን ቁልቁል ተሸጠ» ይባላል። አባባሉ የመጣው በእውነት ከተሸጡ ሰዎች ነው። ከ1790 እስከ 1860 ባሉት ዓመታት አንድ ሚሊዮን ያህል በባርነት የተያዙ ሰዎች ከላይኛው ደቡብ ወደ ታችኛው ደቡብ ተወስደዋል፤ ወደ ጥጡና ወደ ሸንኮራ አገዳው እርሻ። ከፊሉ በሰንሰለት ታስሮ በእግሩ፣ ከፊሉ በባሕር፣ ከፊሉ በነዚያው ልጆች በሥዕል በሚያዩአቸው ነጫጭ የእንፋሎት መርከቦች። ሊንከን በቆሎ ጭኖ የወረደበት ወንዝና ጂም የሚፈራው ወንዝ አንድ ነው።

ደራሲው ይህን ወንዝ በሥራ ያውቀዋል። ትክክለኛ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ነው፤ በ1835 ተወልዶ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው ሀኒባል በምትባል የሚዙሪ የወንዝ ዳር ከተማ ነው። በ1859 የእንፋሎት መርከብ መሪነት ፈቃድ አገኘ። «ማርክ ትዌይን» የመርከበኞች ጥሪ ነው፤ የውኃውን ጥልቀት በገመድ የሚለካው ሰው 3.7 ሜትር ያህል መሆኑን ሲያይ የሚጮኸው፤ መርከቧ መሬት ሳትነካ ልታልፍ ትችላለች ማለት ነው። መጽሐፉ ለንደን በ1884፣ አሜሪካ በ1885 ወጣ። ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ የተከለከለው በ1865 ስለሆነ፣ ደራሲው የሚጽፈው ሃያ ዓመት ስላለፈው ነገር ነው። ልጆች ይህን ካላወቁ መጽሐፉ ባርነትን ለማስቀረት የተጻፈ ይመስላቸዋል።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ሳላነሣው አላልፍም። መጽሐፉ ውስጥ ጥቁሮች የሚሰደቡበት ያ ቃል ከ200 ጊዜ በላይ ይገኛል። በ1885 በማሳቹሴትስ የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ሲያስወጣው ቅሬታው ስለዚህ ቃል አልነበረም፤ ልጁ ባለጌ ነው፣ አነጋገሩ የመንገድ ነው የሚል ነበር። ዛሬ ያለው ክርክር ስለ ቃሉ ነው፤ በ2011 ቃሉን «ባሪያ» በሚል የለወጠ እትም ወጥቷል። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የተለወጠውን አልገዛም፣ ቃሉንም ቤቴ ውስጥ ጮክ ብዬ አላነብም። ልጄ ጥቁር ልጅ ነው። ያ ቃል ነገ አውቶቡስ ላይ ለሱ ሊባል ይችላል። ከየት እንደመጣ፣ ማን በማን ላይ እንደተጠቀመበት ከኔ ይስማ ብዬ፣ ከማንበባችን በፊት አስቀምጬ ነገርሁት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ መጽሐፉን አልሰጥም፤ ከ1876ቱ የቶም ሶየር ታሪክ ይጀምር።

ሁለተኛው የሚያስቸግር ነገር «ጠረፍ» ነው። በአማርኛ ጠረፍ ሲባል አንድ ቦታ ላይ ያለ የአገር ዳርቻ ነው የሚታየን፤ ሞያሌ፣ መተማ። የአሜሪካኖቹ ጠረፍ ግን የሚንቀሳቀስ ነው። በ1803 አሜሪካ ሉዊዚያና የተባለውን ግዛት ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዛች፤ ስፋቱ ሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል። በ1862 በወጣ ሕግ አንድ ሰው 65 ሄክታር ያህል መሬት ይዞ አምስት ዓመት ካረሰው የራሱ ይሆን ነበር። የ1890 የሕዝብ ቆጠራ ከዚህ በኋላ ጠረፍ የሚባል መስመር የለም አለ፤ በ1893 ፍሬድሪክ ጃክሰን ተርነር የተባለ የታሪክ ምሁር ቺካጎ ላይ ባቀረበው ጽሑፍ የአሜሪካንን ጠባይ የፈጠረው ያ ጠረፍ ነው ብሎ ተከራከረ። የልጆች መጻሕፍቱ አብዛኞቹ ከዚህ አስተሳሰብ የተቀዱ ናቸው፦ ባዶ አገር፣ ደፋር ቤተሰብ፣ ጋሪና ወንዝ።

አገሩ ግን ባዶ አልነበረም። ፈረንሳይም የሸጠችው አብዛኛውን ቆማ የማታውቀውን የሰው አገር ነው።

ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳይ። የሎራ ኢንግልስ ዋይልደር መጽሐፍ፣ ስለ ካንሳስ ሜዳ የሚተርከው፣ በ1935 ሲወጣ ስለ ምዕራቡ አገር ሲናገር እዚያ ሰው የለም፣ የሚኖሩት ሕንዶች (የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ማለቷ ነው) ብቻ ናቸው የሚል ቃል ነበረው። ዓመታት አልፈው አንዲት አንባቢ ለአሳታሚው ጻፈች፤ ደራሲዋም ስህተቷን አምና በ1953ቱ እትም «ሰው የለም» የሚለው «ሰፋሪ የለም» በሚል ተለወጠ። አንዲት ቃል ናት። ከሷ በፊት ግን ለ18 ዓመት ልጆች ሕንድ ሰው አይደለም የሚለውን እያነበቡ አደጉ። ቤተሰቡ ከ1869 እስከ 1871 የኖረበት መሬት የኦሴጅ ሕዝብ ነበር፤ በሕግ የተከለለላቸው። ቤት የሠሩት ሳይፈቀድላቸው ነው። በመጽሐፉ ላይ የኦሴጅ ሰዎች ቤት ገብተው ምግብ ሲጠይቁ ልጅቷ ትፈራለች፤ ልጄ ግን ይህን ታናሽ እህቱ ስታነብ ሰምቶ «መሬቱ የነሱ ከሆነ ኪራይ ነው የጠየቁት» አላት። ደራሲዋ ካንሳስን ለቅቃ ስትሄድ አራት ዓመቷ ነው፤ መጽሐፉ ሲወጣ 68። ኦሴጆቹ በ1870 መሬቱን ለመልቀቅ ተገደው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው አገር ሄዱ። በ2018 የአሜሪካ የልጆች ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማኅበር በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስሙን ለወጠው።

እኔ መጽሐፉን ከቤት አላወጣሁትም። አጻጻፏ ግሩም ነው፤ ጋሪው የሞላውን ወንዝ ሲሻገር፣ አባትየው ውኃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ፈረሶቹን ሲመራ፣ ውሻው ሲጠፋ፣ ልጄ ትንፋሿን ይዛ ነበር። ግን ብቻውን አላነብበውም። ከጎኑ የሉዊዝ ኤርድሪክን በ1999 የወጣ መጽሐፍ አደረግሁ፤ በ1847 ሱፒሪየር በሚባለው ታላቅ ሐይቅ ላይ ባለች ደሴት የምትኖር ኦማካያስ የተባለች የኦጂብዌ ልጅ ታሪክ ነው። እዚያ ውስጥ ምድጃው፣ አያቲቱ፣ የክረምቱ ረሃብ፣ ሰፋሪዎቹ ይዘውት የመጡት ፈንጣጣ ሁሉ ከውስጥ ይታያል። ለትንንሾቹ ደግሞ የሆሊንግ መጽሐፍ አለ፣ የ1941ዱ፤ አንድ ልጅ ከእንጨት የጠረበው ትንሽ ታንኳ በረዶው ሲቀልጥ ከካናዳ ተራራ ተነሥቶ በታላላቆቹ ሐይቆች አልፎ አትላንቲክ ይደርሳል። የውኃ መንገድን ለስድስት ዓመት ልጅ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ አላየሁም።

ካነበብናቸው የጀብዱ መጻሕፍት በአንዱም ያላገኘሁት ደግሞ ይህ ነው። በ1830 ኮንግረስ ከሚሲሲፒ በስተ ምሥራቅ ያሉ ነባር ሕዝቦች ወደ ምዕራብ እንዲሄዱ የሚያስችል ሕግ አወጣ። ቾክቶዎች፣ ክሪኮች፣ ቸሮኪዎች ተነቀሉ፤ ከቸሮኪዎቹ ብቻ 4,000 ያህሉ እንደሞቱ ይነገራል። ብዙዎቹ የተወሰዱት በእንፋሎት መርከብ ነው። በኦክቶበር 31፣ 1837 ሌሊት ሞንማውዝ የተባለች አሮጌ መርከብ ከ600 በላይ ክሪኮችን አጭቃ ሚሲሲፒን ሽቅብ ስትሄድ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ለሁለት ተከፈለች፤ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። ከሀኒባል በስተ ደቡብ፣ በዚያው ወንዝ፣ ሳሙኤል ክሌመንስ የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለ።

የመጨረሻው፣ በመንግሥት ተልከው እስከ ፓስፊክ የሄዱት አሳሾች የሉዊስና የክላርክ ጉዞ ነው፤ በልጆች መጻሕፍት እጅግ የተደጋገመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሜይ 14፣ 1804 ተነሡ፤ 17 ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ጀልባና በሁለት ትንንሽ ጀልባዎች ሚዙሪን ሽቅብ። ቁልቁል ሲወርዱ የነበሩትን ገበሬዎች ካስታወሳችሁ ይህ ምን ያህል ድካም እንደሆነ ይገባችኋል፤ ቀኑን ሙሉ ገመድ መጎተት፣ ወገብ ድረስ ውኃ ውስጥ። በክረምቱ ሳካጋዊያ የተባለች የሾሾኒ ልጅ ከፈረንሳዊ ካናዳዊ ባሏ ጋር ተቀላቀለች፤ ዕድሜዋ 16 ገደማ ነው፣ በፌብሩዋሪ 1805 ወለደች። ብዙ መጽሐፍ መንገድ መሪ ያደርጋታል። ዋና ሥራዋ ማስተርጎም ነበር። ከሾሾኒዎች ጋር ፈረስ ለመግዛት ሲነጋገሩ እሷ ከሾሾኒ ወደ ሂዳትሳ፣ ባሏ ከሂዳትሳ ወደ ፈረንሳይኛ፣ አንድ ሌላ ሰው ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ እያሉ ያቀብላሉ። እዚያ መካከል ነው የሾሾኒው አለቃ ወንድሟ መሆኑን ያወቀችው፤ ከልጅነቷ ተማርካ ከተወሰደች ወዲህ አላየችውም። አልቅሳ አቅፋው ተመልሳ ትርጉሟን ቀጠለች። ክሊኒክ ውስጥ ለአያቷ ስታስተረጉም የምትውለው ልጄ ይህን ገጽ ሁለቴ ነው ያነበበችው።

በጀልባዋ ላይ ዮርክ የሚባል ሰውም ነበር፤ የክላርክ ባሪያ። ጠመንጃ ይዞ አድኗል፣ ቀዝፏል፣ የታመመ አስታምሟል። በኖቬምበር 1805 ፓስፊክ ዳር ደርሰው ክረምቱን የት እንክረም ሲባል እያንዳንዱ ድምፅ ሰጠ፤ የዮርክም ድምፅ ተመዘገበ፣ የሳካጋዊያም ሐሳብ ተጻፈ። ሴፕቴምበር 23፣ 1806 ሴንት ሉዊስ ተመለሱ፤ ሕዝቡ ወንዝ ዳር ወጥቶ ተቀበላቸው። አብዛኞቹ የልጆች መጻሕፍት እዚህ ያበቃሉ። ወታደሮቹ እጥፍ ደሞዝና እያንዳንዳቸው 130 ሄክታር ያህል መሬት ተሰጣቸው። ዮርክ ምንም አላገኘም። ሚስቱ ኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ሉዊቪል ነበረች፤ እሷ አጠገብ እንዲሠራ ይፈቀድለት ዘንድ ክላርክን ለመነው። ክላርክ እምቢ አለ፤ እንደገረፈውም ለወንድሙ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ይገኛል።